«ኮክስ እና ቦክስ»፦ ሙዚቃው ለቀልዱ በዝቶበታል ወይ?

ሰላም ቤቶች። አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳብላላው ከረምኩ፤ ብቻዬን አልቋጭ አለኝ።

«ኮክስ እና ቦክስ» የምትባል አጭር የእንግሊዝ አስቂኝ ኦፔራ አለች። ሙዚቃው የአርተር ሱሊቫን ነው፣ ግጥሙ የፍራንሲስ በርናንድ። በ1866 ነው የተሠራችው (ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው)። ተዋናዮቿ ሦስት ብቻ ናቸው፤ ሦስቱም ወንዶች። በርናንድ ታሪኩን የወሰደው ከአንድ የፈረንሳይ ቧልታይ ተውኔት ነው።

ላላያችኋት ልንገራችሁ። ሳጅን ባውንሰር የሚባል የቀድሞ ወታደር ለንደን ውስጥ ክፍል ያከራያል። ቦክስ ማተሚያ ቤት ነው የሚሠራው፤ ጋዜጣ ላይ ያድርና ጠዋት ይገባል። ኮክስ ባርኔጣ ሠሪ ነው፤ ጠዋት ወጥቶ ማታ ይገባል። ባውንሰር አንዷን ክፍል ለሁለቱም አከራይቷታል። ኪራይ ከሁለቱም ይቀበላል። አንዱ ሲወጣ አልጋውን አንጥፎ ዕቃውን ይሸሽግና ሌላውን ያስገባል። ሁለቱ ሰዎች በየቀኑ ደረጃ ላይ ይተላለፋሉ፤ አንድ አልጋ ላይ እንደሚተኙ ግን አያውቁም። ኮክስ ከሰሌ ቶሎ ያልቃል፣ ሻማዬ ያጥራል፣ ክፍሌ ትምባሆ ትምባሆ ይላል እያለ ያማርራል። ባውንሰር ደግሞ የሚያጨሰው ከላይ ያለው ሰውዬ ነው፣ ጭሱ በጭስ ማውጫው እየወረደ ነው ብሎ ይመልስለታል። ጭስ ወደ ታች ሲወርድ!

አንድ ቀን ኮክስ ሳያስበው ፈቃድ ይሰጡታል። ሥጋ ገዝቶ ወደ ቤት ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ያለውን መገመት ትችላላችሁ።

እኔን የያዘኝ ግን ከዚያ በፊት ያለችው ቦታ ናት። ቦክስ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ሠርቶ ይገባል። እሳት ያነድዳል። አንዲት ስስ የአሳማ ሥጋ እሳቱ ላይ ያደርጋል። ከዚያ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ፣ ዓይኑ እየተከደነ፣ ለሥጋዋ እሹሩሩ ይዘፍንላታል። እስክነቃ ድረስ እዚያው ከሰሉ ላይ ቆይልኝ ነው ነገሩ። ግጥሙ ተራ ቀልድ ነው። ዜማው ግን የእውነት እሹሩሩ ነው። ለገዛ ልጅህ ብትዘፍነው የማታፍርበት ዓይነት ለስላሳ ዜማ።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ዊልያም ጊልበት (በኋላ ከሱሊቫን ጋር ስንቱን ኦፔራ የሠራው ራሱ ጊልበት) በ1867 «ፈን» በተባለው የቀልድ ጋዜጣ ላይ ስለዚች ሥራ ጽፎ ነበር። ሙዚቃው በብዙ ቦታ ለእንዲህ ያለ ትርጉም የለሽ ታሪክ ከሚገባው በላይ ነው የሚል ነበር ፍርዱ። እኔ ተሳስቷል ባይ ነኝ። ሱሊቫን ቀልዱን በቀልድ ሙዚቃ ቢያጅበው ኖሮ ዛሬ የሚያስታውሳት ሰው አይኖርም ነበር። እናንተስ?

እሑድ ማታ ለጥፌው ተኛሁ። ማንም የሚመልስ አልመሰለኝም ነበር። እስከ ረቡዕ አሥራ ሰባት መልስ ደረሰ። መሐል ላይ ነገሩ ጦፎ ነበር፤ እንደ አመጣጡ ላውጋችሁ።

ቁጥር 1 በጣም ጨዋ ሰው ናቸው። አመስግነው ጀመሩና አንድ የማላውቀው ነገር ጨመሩልኝ። ሥራዋ መጀመሪያ ለመድረክ አልታሰበችም። ኬንዚንግተን ውስጥ ሞሬይ ሎጅ የሚባል ቤት ነበር፤ የአርተር ልዊስ የሚባል የሐር ነጋዴ ቤት። እዚያ ወዳጆች እየተሰበሰቡ ይዘፍኑ ነበር፤ ሁሉም ወንዶች። «ኮክስ እና ቦክስ» መጀመሪያ የታየችው ለእነሱ ነው፣ በግንቦት 1866። የቤቱ አከራይ በቀድሞው ተውኔት ሴት ነበረች። ወይዘሮ ባውንሰር። የሚጫወቱት ወንዶች ብቻ ስለሆኑ በርናንድ ሴትዮዋን ሳጅን አደረጋት። ቦክስን የተጫወተው ደግሞ ዦርዥ ዱ ሞሪዬ ነው፣ «ፓንች» የሚባለው የቀልድ መጽሔት ላይ የሚሥለው ሠዓሊ። ሰውዬው ሲጨርሱ እኔም ጊልበት ተሳስቷል እላለሁ ብለው ፈረሙ። ጥሩ ጅማሬ ነበር።

ቁጥር 2 ቀጥታ ስህተቴን ነው ያወጣው። ልክ ነው፤ አጥፍቻለሁ። በርናንድ ከፈረንሳዮቹ በቀጥታ አልወሰደም። መሐል ላይ ጆን ማዲሰን ሞርተን አለ። ሞርተን በ1847 «ቦክስ እና ኮክስ» የሚል አጭር ተውኔት ጻፈና ላይሲየም ቲያትር ታየለት። እንግሊዞቹ በጣም ስለወደዱት ስሙ ራሱ አባባል ሆኖ ቀረ፤ ሁለት ሰዎች በአንድ ቦታ እየተፈራረቁ ሳይገናኙ ሲኖሩ ቦክስ እና ኮክስ ናቸው ይባላል። በርናንድ ያደረገው የሞርተንን ተውኔት ይዞ ግጥም ማስገባት ነው፤ ለስሙ ያህል ደግሞ አዙሮ «ኮክስ እና ቦክስ» አላት። ፈረንሳዮቹ ከሞርተን በፊት ነው ያሉት። ዋናው «ፍሪዜት» የሚባለው የኤዥን ላቢሽ እና የኦገስት ለፍራን ተውኔት ነው፣ ፓሪስ ላይ በ1846 የታየ። እዚያ ክፍሉን የሚጋሩት አንድ ዳቦ ጋጋሪ እና አንዲት ዳንቴል ሠሪ ናቸው። ዳቦ ጋጋሪው ሌሊት ይሠራል፣ ልጅቷ ቀን።

ይሄን ሳነብ ደስ አለኝ። ዳቦ ጋጋሪ! ሌሊት የሚሠራ ሰው ሲባል ከእሱ ሌላ ማን ይመጣል። ሞርተን ለንደን ላይ የማተሚያ ቤት ሰው አደረገው፤ ለንደን ጋዜጣ ሌሊቱን የሚታተምባት ከተማ ናትና። ይሄን ተራ ለውጥ ነው የሚል ካለ አልስማማም። ሰውዬው ከተማውን ያውቃል።

ቁጥር 3 ግን ተቆጥቶ ነው የመጣው። ይሄ ሁሉ ስርቆት ነው አለ። ሁለት ፈረንሳውያን ለፍተው ጻፉ፣ እንግሊዛዊው በዓመቱ ወሰደው፣ ሌላ እንግሊዛዊ ከሱ ወሰደ፣ ሱሊቫን ዜማ ጨመረበት፣ ክብሩ ሁሉ ለሱሊቫን ሆነ። ዛሬ የላቢሽን ስም የሚያነሣ የለም፣ እናንተም ዜማው ያምራል ያምራል ትላላችሁ ብሎ ወቀሰን። በሌባ ቤት ውስጥ ስለ መጋረጃው ቀለም ታወራላችሁ የምትል መስመርም ነበረችበት። ጠንከር ያለ ነበር።

ቁጥር 4 ተረጋግቶ መለሰለት። በ1847 እንግሊዝ ውስጥ የፈረንሳይን ተውኔት ወስዶ በእንግሊዝኛ ማሳየትን የሚከለክል ሕግ አልነበረም። ሁለቱ አገሮች የደራሲ መብት ስምምነት ያደረጉት ከዚያ በኋላ ነው። በ1852 የወጣው የእንግሊዝ ሕግ ራሱ ደግሞ ለመድረክ ተብሎ የሚደረግን ማመሳሰል ይፈቅድ ነበር። ስለዚህ የለንደን ቲያትር ቤቶች ፓሪስ ላይ የታየውን ሁሉ እየጫኑ ያመጡ ነበር። ሞርተንን ብቻ ሌባ ማለት በዘመኑ የነበረውን ሁሉ ሌባ ማለት ነው የሚል ነው መልሱ። ላቢሽንም የሚያነሣው የለም መባሉ ስህተት ነው አለ፤ ሰውዬው በ1880 ለፈረንሳይ አካዳሚ የተመረጠ ነው፣ አገሩ አልረሳውም።

ቁጥር 5 ሁለት አንቀጽ ብቻ ነው የጻፈው። ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው ግን እሱ ነው። ሞርተን ምን እንደደረሰበት ነገረን። ሰውዬው ወደ መቶ የሚጠጉ አጫጭር ቧልቶች ጽፏል። የለንደን መድረክ ለዓመታት ሲስቅ የኖረው በእሱ ነው። ከዚያ ተመልካቹ ሙዚቃ ያለበት ቀልድ ለመደና አጭሩ ቧልት ገበያ አጣ። ሞርተን ደኸየ። በ1881 ቻርተርሃውስ የሚባለው የለንደን መጦሪያ ተቀበለው፣ በ1891 እዚያው ሞተ። እንግዲህ አስቡት። የእሱኑ ተውኔት በዜማ የሠሩለት ሰዎች በእሱኑ መንገድ ላይ ነው የቆሙበት። የእሱ ክፍል ውስጥ ሌላ ተከራይ ገባ። ቁጥር 3 ስለ ስርቆት ሲያወራ ላቢሽን ብቻ ነው ያሰበው፤ እኔ ግን ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ሞርተን ነው። ላቢሽ አካዳሚ ገብቶ ነው የሞተው።

ቁጥር 6 ወደ አገራችን አመጣው። ይሄ እኮ ውርስ ትርጉም ነው አለ፤ አዲስ ነገር አይደለም። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ሞሊዬርን «የፌዝ ዶክተር» ብሎ ወደ አማርኛ ሲያመጣው ያየው ሰው የፈረንጅ ተውኔት ተመለከትኩ ብሎ አይወጣም። የኛ ሰው ሆኖ ነው የሚያየው። ያ ካልተፈቀደ የአማርኛ ቲያትር ግማሹ ይሄዳል የሚል ነው ሐሳቡ። ከዚያም በፊት የተክለ ሐዋርያት «የአውሬዎች ኮሜዲያ» የላፎንቴንን ተረቶች ይዞ እንደተነሣ አስታወሰ። ጥሩ ነጥብ ነው።

ቁጥር 7 ግን አልወደደለትም። ሁለቱን አታወዳድር፣ ጸጋዬ ከሞሊዬር መውሰዱን አልደበቀም፣ ሞርተን ግን የላቢሽን ስም የት ጠራ ብሎ ጮኸ። እዚህ ላይ ቃላት ተሰነዘሩ። 6 ተመለሰና ስለ ቲያትር የማታውቅ ከሆነ ዝም በል የሚል ነገር ጻፈ (ያን አልቆጠርኩትም፤ ወዲያው ራሱ አጥፍቶታል)። ሁለታችሁም የምታወሩት ስለ አንድ ነገር ነው ብዬ ልገላግል ሞከርኩ። ማመሳሰል ይቻላል፤ ስም መጥራት ግን ግዴታ ነው። በዚህ አንለያይም መሰለኝ።

ቁጥር 8 ስለ ኦፔራ ምንም አያውቅም፣ እሱም ብሎታል። የገባው ደባል የሚለውን ነገር አይቶ ነው። እኔ ደባል አላልኩም ነበር፤ ግን ታሪኩ የደባል ታሪክ መሆኑ ለማን ይጠፋዋል። ዋሽንግተን አካባቢ መጀመሪያ የገባ ጊዜ ባለ አንድ መኝታ ቤት ለአራት ተከራይተው ነበር። እሱ ማታ ፓርኪንግ ላይ ይሠራል። አብሮት አንድ አልጋ የሚጋራው ልጅ ደግሞ ጠዋት ታክሲ ይነዳል። እነ ኮክስ የማያውቁትን እነሱ ተስማምተው ነው ያደረጉት። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በር ላይ ይገናኛሉ። ቁልፍ አይለዋወጡም፤ በሩን አንዱ ለሌላው ይዞለት ይወጣል። ከዚያ የጻፈውን እስካሁን አልረሳሁትም። ብርድ ልብሱ ውስጥ ሲገባ የጓደኛው ሙቀት እዚያው ይጠብቀዋል። በክረምት ለዚያ ሙቀት ይመሰገናል፣ በበጋ ይታከታል። ስለ ልጁ ከፊቱ ይልቅ የትራሱን ጠረን ነው የማውቀው ይላል። ሁለት ዓመት አብረው ኖረው ቁጭ ብለው እራት የበሉት ለገናና ለፋሲካ ብቻ ነው።

ቁጥር 9 ልብ ብቻ አስቀምጦ ሄደ።

ቁጥር 10 ነገሩን ወደ ፍሪጅ ወሰደው። ቁጥር 8ን ያነበበ ሁሉ ወጥ ስለተበላበት ያውራ አለ፤ ራሱ ጀመረ። ዱባይ ካምፕ ውስጥ ሲኖር አንድ ሰው ዕቃው ላይ በፕላስተር ስሙን ይለጥፋል፤ ወጡ እንደተለጠፈ ይጎድላል። በርበሬውን በማንኪያ ጀርባ አስተካክሎ፣ ላዩ ላይ በጣቱ መስመር አስምሮ ነበር የሚሄደው፣ ሲመለስ መስመሩ አለ፣ በርበሬው ዝቅ ብሏል። ሰርቆ መልሶ አስምሮለታል ማለት ነው። ሌሎችም ከሥሩ ገብተው ስለ ሻይ ቅጠል፣ ስለ ዘይት፣ ስለ ሳሙና አወሩ። ከኦፔራው ወጣን ብዬ ላስቆማቸው ፈልጌ ነበር፣ ተውኩት። ምክንያቱም አልወጣንም። ኮክስ መድረክ ላይ ቆሞ የሚያማርረው ይሄንኑ ነው፤ ከሰሌ፣ ሻማዬ፣ ክብሪቴ። ድሃ ሰው የሚቆጥረውን ነገር ያውቃል። ሻማው በጣት እኩሌታ ቢያጥር ያውቃል። በርናንድም ሞርተንም ይሄን ባያውቁ ኖሮ ቧልቱ ባዶ ነበር የሚሆነው።

ቁጥር 11 የጠበቅኩት ሰው ነው። ኪቦርድ ተጫዋች ነው፤ ሠርግ ላይ ይሠራል። ጥያቄዬን በቀጥታ መለሰልኝ። በመጀመሪያ ሱሊቫን ማን እንደነበር አስቡ አለ። ላይፕዚሽ ተምሮ የመጣ የ24 ዓመት ልጅ። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ሲምፎኒው ለንደን ክሪስታል ፓላስ አዳራሽ ቀርቦለታል። እንግሊዝ ታላቅ አቀናባሪ ታገኛለች ተብሎ የሚጠበቀው ከሱ ነው። ይሄ ልጅ ለወዳጆቹ ጨዋታ ሲጠይቁት ሌላ ዓይነት ሙዚቃ ማምጣት አይችልም ነበር፤ የሚያውቀውን አመጣ። ባውንሰር ስለ ውትድርናው ራታፕላን ራታፕላን (የከበሮ ድምፅ ነው) እያለ ሲዘፍን የትልልቆቹን ኦፔራዎች የወታደር መዝሙር ነው የሚያስታውስህ። ሰውዬው ግን አንሶላ የሚያነጥፍ አከራይ ነው። ሳቁ ከዚያ ነው የሚመጣው።

ስለ እሹሩሩዋ ያለው ግን ከሁሉ በለጠብኝ። አንድ ሙያተኛ ብቻ የሚለው ነገር ነው። ሠርግ ላይ ለማሳቅ ብለህ ዜማ ካበላሸህ ሰው አንዴ ይስቃል፣ ሁለተኛ ጊዜ ይሰለቸዋል። ዜማውን በትክክል ተጫውተህ ነገሩ ራሱ አስቂኝ ከሆነ ግን አሥር ጊዜ ይስቃል። ለአሳማ ሥጋ እሹሩሩ የሚል ሰው ሥጋዋን የሚወዳት ከሆነ ነው የሚያስቀው። ቦክስ ደግሞ ይወዳታል፤ በቀኑ ውስጥ የራሱ የሆነች ነገር እሷ ብቻ ናት። ሌሊቱ የጋዜጣው ነው፣ አልጋው የኮክስ ነው። ስለዚህ ሙዚቃው አልበዛም፤ ልኩ ነው። ጊልበት ራሱ በኋላ ይሄን የተማረው ከሱሊቫን ነው ባይ ነው ኪቦርዲስቱ። ሁለቱ በ1871 የመጀመሪያ ሥራቸውን «ቴስፒስን» አብረው ሲሠሩ፣ ከዚያም በለንደኑ ሳቮይ ቲያትር ዓመታት፣ ያሳቁን በዚሁ መንገድ ነው። እኔ እንኳ ይሄን ያህል ለማለት አልደፈርኩም ነበር፤ አሁን ግን ከጎኑ ነኝ።

ቁጥር 12 መጣና ሁላችንንም ወረደብን። የፈረንጅ ኪራይ ቤት ምን አገባችሁ፣ የገዛ አገራችሁን ሙዚቃ ሳታውቁ ስለ ለንደን ትጨቃጨቃላችሁ አለ። ጊዜ የተረፋችሁ ናችሁ አለን። መልስ አልሰጠሁም። ሰው ሲቆጣ ቁጣው ይውጣለት ብዬ ነው።

ቁጥር 13 ግን መለሱለት፣ በጣም በትሕትና። ቁጥር 1 ራሳቸው ናቸው ተመልሰው የመጡት። ወንድሜ ብለው ጀመሩ። በዚያ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ጨዋ ሰው ቲያትር ቤት መግባት ያሳፍረው ነበር አሉ። ስለዚህ ቶማስ ጀርመን ሪድ የሚባል ሰው ከሚስቱ ጋር ሬጀንት ስትሪት ላይ አዳራሽ ሲከፍት ቲያትር አላለውም፤ የሥዕል ማሳያ የሚመስል ስም ነው ያወጣለት። «ኮክስ እና ቦክስ» ለሕዝብ በተከታታይ መታየት የጀመረችው እዚያ ነው፣ በመጋቢት 1869፣ በኦርኬስትራ ፋንታ በፒያኖና በሃርሞኒየም። ቄሶችና ወይዛዝርት ሳያፍሩ ገብተው ሳቁ። የኛንስ አዝማሪ ስንት ዘመን አዝማሪ ብለን ስንሰድብ ኖርን፣ ስሙን ቀይረን ድምፃዊ ስንለው አይደለም ወይ ያከበርነው ብለው ጠየቁ። ሌላ ነገር አልጨመሩም። ቁጥር 12 ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

በነገራችን ላይ እዚያው አዳራሽ ከ«ኮክስ እና ቦክስ» ጋር በአንድ ምሽት ይታይ የነበረው ሌላ ሥራ ግጥሙ የጊልበት ነው፤ ሙዚቃው የሌላ ሰው። የጊልበትና የሱሊቫን ስም ገና አንድ ሥራ ሳይሠሩ አንድ ፕሮግራም ላይ ታተመ። ከሁለት ዓመት በፊት ሙዚቃው በዝቷል ያለው ሰውዬ በየምሽቱ እዚያው ሙዚቃ ጎን ሥራው ይታይለት ነበር።

ቁጥር 14 እህታችን ናት፤ እስካሁን ማንም ያላየውን ነው ያነሣችው፣ አምርራም ነው የጻፈችው። ሴቷ የት ሄደች አለች። በፈረንሳይኛው ክፍሉን የምትጋራው ሴት ናት፣ ሠርታ የምትኖር ሴት፣ ኪራይ የምትከፍል። ሞርተን ወንድ አደረጋት። አከራይዋ ሴት ነበረች፤ በርናንድ ሳጅን አደረጋት። የቀረችው ፔኔሎፕ አን ብቻ ናት፤ ሁለቱም ያጯትና ሁለቱም ሊያመልጧት የሚፈልጉት ባለሀብት መበለት። እሷም መድረክ ላይ አትታይም፤ ደብዳቤዋ ብቻ ነው የሚገባው። ማርጌትና ራምስጌት የባሕር ዳርቻ ላይ የሚከራዩ የመታጠቢያ ጋሪዎች አሏት፤ በዚያን ዘመን ሴቶች ሳይታዩ ወደ ባሕሩ የሚገቡባቸው በመንኮራኩር ላይ ያሉ የእንጨት ቤቶች። ብቻዋን ንግድ የምታስኬድ ሴት ናት እንግዲህ። ሰዎቹ ግን መጀመሪያ ማን ያግባት ብለው በዳይስ ይጣጣላሉ፤ ሞታለች የሚል ደብዳቤ ሲመጣ ሀብቷን ለመውረስ እጮኛዋ እኔ ነኝ እኔ ነኝ ይላሉ፤ በሕይወት አለች ሲባል አንተ ውሰዳት አንተ ውሰዳት ይባባላሉ። በመጨረሻ ደረሰች ሲባል በሩን ከውስጥ ተደግፈው ይይዙባታል። ሁላችሁም ስለ ዜማው ስታወሩ ከበሩ ውጭ ቆማ የቀረችውን ሴት ማንም አላነሣትም ብላ ዘጋች።

ልክ ናት። ደጋግሜ አነበብኩት። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ከመጨረሻው ደብዳቤ ኖክስ የሚባል ሌላ ሰው ልታገባ እንደሆነ ይታወቃል። ሁለቱ ሰዎች ተረፍን ብለው ሆይ ሆይ ይላሉ። እኔ ግን የተረፈችው እሷ ናት ባይ ነኝ። አንዲት ደራሲ ይቺን ነገር ከበሩ ውጭ ቆማ በአማርኛ ብትጽፍልን ምን ነበረበት።

ቁጥር 15 ስለ መጨረሻው ጠየቀ። መጨረሻ ላይ ኮክስና ቦክስ ወንድማማች ሆነው ይገኛሉ፤ ያን እንዴት አወቁ ነው ጥያቄው፤ ሳያይ የቀረ ነገር ያለ መስሎታል። የቀረ ነገር የለም። አንዱ ግራ ክንድህ ላይ የእንጆሪ ምልክት አለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ የለኝም ይለዋል ሌላው፤ በቃ ወንድሜ ነህ ብሎ ይጠመጠምበታል። በዚያን ዘመን የጠፋ ልጅ በምልክት የሚገኝበት ተውኔት ሞልቶ ነበርና ተመልካቹ ነገሩን ወዲያው ያውቀዋል። ቁጥር 8 እዚህ ላይ ተመልሶ ገባና ይሄ ለኔ ቀልድ አይደለም አለ። አንድ አልጋ ሁለት ዓመት ከተጋራኸው ሰው ጋር ምልክት አያስፈልግህም፤ ያ የታክሲ ልጅ የክርስትና አባት ሆኖለታል።

ቁጥር 16 የትኛውን ልስማ ብሎ ጠይቆ ራሱ መለሰ። ረጅሙ አለ፣ አጭሩ አለ። የጊልበትንና የሱሊቫንን ኦፔራዎች ሲያሳይ የኖረው የዶይሊ ካርት ኩባንያ በ1921 አሳጥሮ ከዋናው ትርዒት በፊት ማሳየት ጀመረ፤ ብዙ ሰው የሚያውቀው ያንን ነው። ጊዜ ካላችሁ ረጅሙን ስሙ ባይ ነው። እኔም እስማማለሁ።

ቁጥር 17 ክርክር ነው የጀመረው። መጀመሪያ በመስኮት የተወረወረው የቱ ሥጋ ነው? እሱ የአሳማ ሥጋዋ ናት ይላል። እኔ ደግሞ አይደለም አልኩት። ስለዚህ ተመልሼ አነበብኩት። ኮክስ የገዛውን የበግ ሥጋ ይዞ ይገባል፤ የቦክስን ሥጋ ከእሳቱ አንሥቶ የራሱን ይጥዳል። ቦክስ ይነቃል። እሹሩሩ ያላት ሥጋ ቦታዋ ላይ የለችም፤ ሌላ ሥጋ ተጥዷል። መስኮቱን ይከፍትና የበጉን ሥጋ ይወረውረዋል፤ የራሱን መልሶ ይጥድና ሳህን ሊያመጣ ይሄዳል። ኮክስ ደግሞ ይመለሳል፤ የበጉ ሥጋ የለም፤ ተናድዶ የቦክስን ሥጋ በመስኮት ይወረውራል። ሁለተኛ የወጣችው የአሳማ ሥጋዋ ናት።